ከቃሉ የወረደው ሸክም፦ የሊንጓ ፍራንካ ኖቫ ድምፅ፣ አጻጻፍና ሰዋስው

«ገዛችላቸው» የሚለውን ቃል እንፍታው። ለዓይን አንድ ቃል ነው። ውስጡ ግን መግዛት የሚለው ድርጊት አለ፤ ድርጊቱ ማለፉ አለ፤ ገዢዋ አንዲት ሴት መሆኗ አለ፤ የተገዛውም ለብዙዎች መሆኑ አለ። አማርኛ ይህን ሁሉ በአንድ ቋጠሮ ያስረዋል። ዛሬ የምናወራለት፣ ሊንጓ ፍራንካ ኖቫ የተባለው ሰው ሠራሽ ቋንቋ ግን ቋጠሮውን ፈትቶ እያንዳንዱን ለየብቻ ይዘረጋዋል። «እናቴ ትናንት ለልጆቹ ዳቦ ገዛችላቸው» በሊንጓ ፍራንካ ኖቫ «ዬር፣ ሜአ ማድሬ ያ ኮምፕራ ፓን ፔር ላ ኤንፋንቴስ» ይባላል። «ኮምፕራ» መግዛት ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ማለፉን «ያ» ይናገራል፣ ገዢዋን «ሜአ ማድሬ»፣ ለማን እንደሆነ «ፔር ላ ኤንፋንቴስ»።

ስለዚህ ቋንቋ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ቅለቱ ነው። እውነት ነው፤ ግሱ አይረባም፣ ስሙ ፆታ የለውም፣ ቅጽሉ ከስሙ ጋር አይስማማም። ነገር ግን ከቃሉ ላይ የወረደ ሸክም በኖ አይጠፋም። ወይ በቃላት ቅደም ተከተል ላይ ይወርዳል፣ ወይ በትንንሽ አገልጋይ ቃላት ላይ፣ ወይ በሰሚው ግምት ላይ። የት እንደወረደ ያላወቀ ተማሪ በአንድ ሳምንት ቃላቱን ለቅሞ፣ በሁለተኛው ሳምንት ያላሰበውን ነገር ሲናገር ይገኛል።

ስለ አመጣጡ በአጭሩ ላስቀድም። ቋንቋውን የፈጠረው ኔዘርላንድ ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ፣ በፔንሲልቬንያ የሺፐንስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና ያስተማረው ጆርጅ ቡሬ ነው። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1965 ጀመረ፤ በ1998 በኢንተርኔት ለሕዝብ አቀረበው፤ በ2008 ቋንቋው ዓለም አቀፍ ባለ ሦስት ፊደል መለያ አገኘ። ከስሙ ሦስት ቃላት መነሻ ፊደሎች፣ ከኤል፣ ኤፍና ኤን፣ ተነስተው ተናጋሪዎቹ «ኤሌፌን» ይሉታል። ቃላቱ የተቀዱት ከፈረንሳይኛ፣ ከጣሊያንኛ፣ ከስፓኒሽ፣ ከፖርቱጋልኛና ከካታላን ነው። ሰዋስዉ ግን ከእነዚህ ከአንዳቸውም አልመጣም። አርአያው በሜዲትራኒያን ወደቦች ነጋዴውና መርከበኛው ለዘመናት ሲግባቡበት የኖረው የጥንቱ ሊንጓ ፍራንካ እና ከላቲን ልጆች የተወለዱ ክሪኦል (ከቋንቋዎች መደባለቅ የተፈጠሩ) ቋንቋዎች ናቸው።

ቡሬ የመጀመሪያው አይደለም። ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ጁዜፔ ፔያኖ በ1903 ባሳተመው ጽሑፍ በደንበኛ ላቲን ጀምሮ፣ እየጻፈ ቅጥያዎቹን አንድ በአንድ እየጣለ፣ ጽሑፉን እርባታ በሌለው ላቲን ጨረሰው። አንባቢው ሳይታወቀው አዲሱን ቋንቋ ማንበብ ጀምሮ ራሱን ያገኘዋል፤ ሰዋስውን በማሳየት ማስተማር ይሉታል ይህ ነው። በ1951 የወጣው ኢንተርሊንጓ የተባለ ሌላ ሰው ሠራሽ ቋንቋ ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠ፤ የጥንቱን አጻጻፍና የግሱን የጊዜ ቅጥያ አስቀረ። ኤሌፌን ሁለቱንም ጥሏል። እንደ እኔ ፍርድ ጥቅሙ ከሁሉ በላይ የሚሰማው አጻጻፉ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከዚያው ልጀምር።

ሕጉ አንድ ፊደል አንድ ድምፅ ነው። ከላቲን ፊደላት ኬ፣ ኪው፣ ደብሊውና ዋይ የሚያገለግሉት ለባዕድ ስም ብቻ ነው፤ ኤችም እምብዛም አይታይም። ጣሊያንኛ ወይም ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይሰናከላል። ለምሳሌ ካዛንቺስን እንውሰድ። የሰፈሩ ስም ኢንቺስ የተባለው የጣሊያን የመንግሥት ሠራተኞች ቤት ተቋም ካሠራቸው ቤቶች፣ ከ«ካዜ ኢንቺስ»፣ እንደመጣ ይነገራል። በዚህ አንድ ስም ውስጥ ሁለት የጣሊያንኛ ልማዶች ተቀምጠዋል፦ በሁለት አናባቢ መካከል የገባ ኤስ «ዝ» ይሆናል፤ ከአይ በፊት የመጣ ሲ «ች» ይሆናል። ኤሌፌን ሁለቱንም አይቀበልም። ኤስ ሁልጊዜ «ስ» ነው፤ ሲ ሁልጊዜ «ክ» ነው። ስለዚህ ቤት «ካሳ» ነው እንጂ «ካዛ» አይደለም፤ ያንኑ የሰፈር ስም በኤሌፌን ሕግ ብናነበው «ካሴ ኢንኪስ» ይወጣል። ጂም እንዲሁ ሁልጊዜ «ግ» ነው፤ ጦርነት «ጌራ» ነው። ጄ «ዥ»፣ ኤክስ «ሽ» ይነበባሉ፤ ዓሣ «ፔሽ» ሲባል መጨረሻው በኤክስ ይጻፋል። ሲ «ስ» የመሆን መብት ስለሌለው፣ አምስት ቁጥር «ሲንኮ» በኤስ ይጀመራል። ስህተቱ ከሁሉ የሚበዛው እዚህ ነው፤ ስፓኒሽ የለመደ እጅ ሳያስበው በሲ ይጀምረዋል፤ ያን ጊዜ አንባቢው «ኪንኮ» ይላል።

አሁን ወደ እኛ ፊደል። ቋንቋው በይፋ በላቲንና በሲሪሊክ ይጻፋል፤ የግዕዝ ፊደል ለመማሪያ ያህል ብቻ ነው። ሆኖም በሚገርም ሁኔታ ይመቸዋል። አናባቢዎቹ አምስት ናቸው፦ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳብዕ። ግዕዝ ቤት ሥራ የለውም፤ ሳድስ ደግሞ አናባቢ ለሌለው ተነባቢ ብቻ ያገለግላል። ተነባቢዎቹ 16 ናቸው፦ ብ፣ ክ፣ ድ፣ ፍ፣ ግ፣ ዥ፣ ል፣ ም፣ ን፣ ፕ፣ ር፣ ስ፣ ት፣ ቭ፣ ሽ፣ ዝ። 16ቱ በ6 ቅርፅ 96 ይሆናሉ፤ አ፣ ኡ፣ ኢ፣ ኤ፣ ኦ ሲጨመሩ 101። ከዚህ ውጭ የሚያስፈልጉት የየ ቤትና እነ ዋ፣ ኳ፣ ጓ ናቸው። ኳና ጓ እንደተሰፋ ልብስ ልክ ይሆናሉ፦ አራት «ኳትሮ»፣ ውሃ «አኳ»፣ መቼ «ኳንዶ»፣ ቋንቋ «ሊንጓ»። ሌላው ሁለት ፊደል የሚጽፍበትን እኛ በአንድ እንጨርሰዋለን።

ይሁን እንጂ ፊደሉ ሲመች አፋችን የለመደውን ይዞ ይመጣል። ጉሮሮ ተጨብጦ የሚወጡት ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ እዚህ ቦታ የላቸውም፤ መዝፈን «ካንታ» ነው፣ «ቃንጣ» ከተባለ ባዕድ ጆሮ ይደነግጣል። ማጥበቅም የለም። በአማርኛ «ገና» ሲጠብቅ በዓል፣ ሲላላ የጊዜ ቃል ነው፤ በኤሌፌን መጥበቅ ትርጉም ስለማይለይ ሁሉን አላልቶ ማንበብ ነው። ኃምስና ሳብዕ ስንል ብዙዎቻችን ትንሽ «ይ» እና ትንሽ «ው» እናስቀድማለን፤ «ቤት» ስንል እንደሚሰማው። ያንን ማጥራት ይገባል። ቭ እና ብ መለየት አለባቸው፤ «ቤላ» ውብ ነው፣ «ቬላ» የመርከብ ሸራ። ደግሞ ከጣሊያንኛ ወስደን ወደ ግዕዝ ቤት ያወረድናቸው ቃላት እዚህ አናባቢያቸው ይመለሳል፦ መርካቶ «ሜርካቶ»፣ መኪና «ማኪና» (ትርጉሙም ማሽን በጠቅላላው)። ትምህርት ቤት «ስኮላ» ሲሆን፣ አፋችን «እስኮላ» ቢል ግን ብዙ ጉዳት የለውም፤ የሚያምታታ ሌላ ቃል አይፈጠርም።

ስለ ጫና አንድ ሕግ አለ፦ ድምፁ የሚነሳው ከመጨረሻው ተነባቢ በፊት ባለው አናባቢ ላይ ነው። «ፖማ» (ፖም) የመጨረሻ ተነባቢዋ ም ናት፤ ስለዚህ «ፖ» ይነሳል። «አኒማል» ላይ «ማ» ይነሳል። «ማኪና» ላይ «ኪ» ነው፤ ጣሊያኑ ግን የራሱን ቃል ሲጠራ የሚያነሳው «ማ»ን ነው፤ ጣሊያንኛ ያወቀ እዚህም ይሳሳታል። ብዙ ቁጥርን የሚያሳየው ስ ቢጨመር ጫናው ከቦታው አይንቀሳቀስም። የግዕዝ ፊደል የሚያሳስተው ደግሞ እዚህ ጋ ነው። «ፋሚሊያ» ብለን ስንጽፍ የመጨረሻዋ ፊደል «ያ» ተነባቢ ትመስላለች፤ በዚያ ከሄድን ጫናው «ሊ» ላይ ይወድቃል። በላቲኑ አጻጻፍ ግን «ያ» ሁለት አናባቢ ናት፤ የመጨረሻው ተነባቢ ል ነው፤ ጫናው «ሚ» ላይ ነው። ስለዚህ ጫና ስትቆጥሩ «የ»ንና «ወ»ን እንደ አናባቢ ቁጠሯቸው።

ወደ ሰዋስዉ እንግባ። ቅደም ተከተሉ ባለቤት፣ ግስ፣ ተሳቢ ነው። በአማርኛ «ውሻው ድመቷን ነከሳት» ብንልም «ድመቷን ውሻው ነከሳት» ብንልም የተነከሰችው ድመቷ ናት፤ «ን» ትጠብቃታለች። «ላ ካን ሞርዴ ላ ጋቶ» ብላችሁ ቦታ ካቀያየራችሁ ግን ነካሿ ድመቷ ትሆናለች። «ን» ትሠራው የነበረውን ሥራ የቦታ ቅደም ተከተል ወስዶታል። ተውላጠ ስሞችም በባለቤትነትና በተሳቢነት አይለዋወጡም፦ «ሜ ቪዴ ኤል» አየዋለሁ፣ «ኤል ቪዴ ሜ» ያየኛል።

ይህ ነገር ከሁሉ አምሮ የሚታየው አስደራጊ ግስ ላይ ነው። እኛ ፈላ እና አፈላ እንላለን፤ ልዩነቷን የምትሸከመው አንዲት «አ» ናት። ኤሌፌን ለሁለቱም ያለው «ቦሊ» ብቻ ነው። «ላ አኳ ቦሊ» ውሃው ይፈላል፤ «ሜ ቦሊ ላ አኳ» ውሃውን አፈላለሁ። ከግሱ በኋላ ተሳቢ ካለ አስደራጊ ነው፣ ከሌለ አይደለም። ስለዚህ የአማርኛ ተናጋሪ ተሳቢውን መዋጥ ልማዱ ነውና እዚህ ይጠንቀቅ። «አፈላሁ» ለማለት «ሜ ያ ቦሊ» ብቻ ካለ፣ ራሱ ፈልቶ ያርፋል።

ጊዜ በሦስት ቃላት ይለያል፦ «ያ» ላለፈ፣ «ቫ» ለሚመጣ፣ «ታ» ቢሆን ኖሮ ለምንለው። «ሜ ኮሜ» እበላለሁ፣ «ሜ ያ ኮሜ» በላሁ፣ «ሜ ቫ ኮሜ» ወደፊት እበላለሁ፣ «ሜ ታ ኮሜ» በበላሁ ነበር። ያለፈውን ለማስታወስ «ያ ጊዜ» ማለት ይበቃል። አሉታው «ኖ» ከእነዚህ ይቀድማል፦ «ሜ ኖ ያ ኮሜ» አልበላሁም። ሁለት ግስ ተከታትሎ ሁለተኛው የመጀመሪያው ጥገኛ ሲሆን የጊዜ ቃል አንዴ ብቻ ይገባል፤ «ሜ ያ ቮሌ ኮሜ» መብላት ፈለግሁ። ነገር ግን «በልቶ ሄደ» ለማለት «ኤል ያ ኮሜ ኤ ያ ቫዴ» ነው፤ በሁለቱም ላይ «ያ» ይደረጋል። የእኛ «በልቶ» ጊዜውን ከመጨረሻው ግስ ስለሚበደር፣ ጀማሪው የመጀመሪያውን «ያ» ይረሳዋል፤ ያን ጊዜ መብላቱ ዛሬ፣ መሄዱ ትናንት ይሆንበታል።

አሉታ ላይ አንድ ወጥመድ ልጨምር። «ማንም አልመጣም» ስንል አሉታው ግሱ ላይ ነው። በኤሌፌን «ኑን» ራሱ ማንም አይደለም ማለት ስለሆነ ግሱ አሉታ አይፈልግም፦ «ኑን ያ ቬኒ»። «ኖ» ከጨመሩበት አሉታው በአሉታ ይሻርና ሁሉም መጣ ይሆናል።

የጥያቄ ቃሉ ለጆሯችን ቅርብ ነው፦ «ኤስኬ»። «እስኪ» ብላችሁ ያዙት፤ ከዓረፍተ ነገሩ ፊት ገብቶ የአዎ ወይም የአይደለም ጥያቄ ያደርገዋል። መስተዋድዶች ግን እንዲህ ያለ ደግነት የላቸውም። «ሱር» ላይ ማለት ነው፤ «ሱ» ሥር ማለት ነው። የእኛ «ሥር» የምትመስለው የመጀመሪያዋ ናት፤ ትርጉሟ ግን ተቃራኒ ነው። ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ሳለ ጎንበስ ብሎ ከሥር የሚፈልግ ሰው ያገኘው ይህች ቃል ናት። «ፓር» እና «ፔር»ም እንዲሁ በአንድ አናባቢ ይለያያሉ፦ «ፓር» በ ነው፣ «ፔር» ለ። «ላ ፖማ ኤስ ኮሜዳ ፓር ላ ኤንፋንቴ» ፖሙ በልጁ ይበላል፤ «ፔር» ካላችሁ ለልጁ ሲባል ሌላ ሰው ይበላዋል።

ለእኛ ከሁሉ ከባዱ፣ በእኔ ግምት፣ «የ» እና «እንደ» የሚሠሩትን ሥራ ማከፋፈል ነው። «የዘፈነችው ሴት» ስንል ገላጩ ከስሙ ይቀድማል። በኤሌፌን ስሙ ይቀድምና አያያዥ ቃል ይከተላል፤ አያያዡም ለሰው «ኪ»፣ ለነገር «ኳል» ነው፦ «ላ ፌም ኪ ያ ካንታ»፣ «ላ ካሳ ኳል ኤስ ግራንዴ»። ሙሉ ሐሳብ ሲከተል ደግሞ «ኬ» ይገባል፦ «ሜ ሳቤ ኬ ኤል ቫ ቬኒ» እንደሚመጣ አውቃለሁ። «ኪ» እና «ኬ» በፍጥነት ሲነገሩ ይቀራረባሉና ኃምሱን ጥርት አድርጎ መጥራት ያስፈልጋል። ማወቅም ሁለት ነው፤ ነገርን ማወቅ «ሳቤ»፣ ሰውን ማወቅ «ኮኖሴ»።

ስሞች ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። «ላ» ከፊት ገብታ የእኛን የ«ኡ»ን እና የ«ዋ»ን ሥራ ትሠራለች። ብዙ ቁጥር በአናባቢ ለሚያልቅ ስ፣ በተነባቢ ለሚያልቅ ኤስ ይጨምራል፦ ካሳ ካሳስ፣ ካን ካኔስ። እኛ «ሦስት ውሻ» ማለት እንችላለን፤ እዚህ ግን ከቁጥር በኋላ ብዙው ግዴታ ነው፦ «ትሬ ካኔስ»። ቅጽል ከስሙ በኋላ ይመጣል፤ «ቦን» እና «ማል»፣ ጥሩና መጥፎ፣ ይቀድማሉ። ያው ቅጽል ሳይለወጥ ተውሳከ ግስ ይሆናል፦ «ኤል ካንታ ቤላ» አሳምሮ ይዘፍናል።

ቁጥር ላይ ግን ልቆይ፤ የቦታ ኃይል እዚህ ፈጦ ይታያል። አስር «ዴስ» ነው፤ ሁለት «ዱ»። «ዴስዱ» አሥራ ሁለት፣ «ዱዴስ» ሃያ። አስር የቀደመው ይደመራል፣ አስር የተከተለው ይባዛል። የእኛ «አሥራ ሁለት» እንደ መጀመሪያው ስለሚሄድ ያ አያስቸግርም፤ ሃያና ሠላሳ ግን የራሳቸው ስም ስላላቸው «ዱዴስ»ን እና «ትሬዴስ»ን ስንሰማ ለአፍታ እንጠፋለን። ዋጋ ሲነገራችሁ መጀመሪያ የሰማችሁት ዴስ መሆን አለመሆኑን ያዙ፤ የቀረው ይከተላል። ደግሞ ተራ ቁጥር የራሱ ቅጥያ የለውም። «ትሬ ካሳስ» ሦስት ቤቶች፣ «ላ ካሳ ትሬ» ሦስተኛው ቤት። «ኛ» የምትሠራውን ሥራ ከስሙ በኋላ መቀመጥ ብቻ ይሠራዋል።

ቃል ማርባት ለሚወድ ሰው ቅጥያዎቹ ደስ ይላሉ። ዳቦ «ፓን»፣ ጋጋሪው «ፓኖር»፣ ዳቦ ቤቱ «ፓኔሪያ»። ይህ «ኤሪያ» የእኛን ሥጋ ቤት፣ ዳቦ ቤት የሚለውን «ቤት» ይመስላል፤ «ሊብሮ» መጽሐፍ ከሆነ «ሊብሬሪያ» መጽሐፍ መሸጫ ነው። ቅጥያ ሲገባ የቃሉ የመጨረሻ አናባቢ ይወድቃል፤ «ሊብሮኤሪያ» አይባልም። «ኤታ» ታሳንሳለች፣ «ኦን» ያገዝፋል፦ ካሴታ ትንሽ ቤት፣ ሳላ ክፍል፣ ሳሎን ትልቅ ክፍል። በ«ኢ» ቅጽሉ ግስ ይሆናል፦ «ሮዣ» ቀይ፣ «ሮዢ» ቀላ። ሁለት ቃል ሲጣመር ግሱ ይቀድማል፦ «ፖርታካንዴላ» ተሸከም እና ሻማ ነው፤ እኛ ሻማ መያዣ ስለምንል ገልብጠን «ካንዴላፖርታ» ማለት ይቃጣናል።

የቀረን በሰሚው ግምት ላይ የወረደው ሸክም ነው። «ኤል» እሱም ነው፣ እሷም ነች፤ እንስሳም ይሆናል። ለግዑዝ ነገር «ሎ» አለ። «ቱ» ደግሞ አንተም፣ አንቺም፣ እርስዎም ነው። አክብሮት ያለው ሰው ከፊት «ሴኒዮር» ይጨምራል፣ «ፔር ፋቮሬ» ይላል፤ ግሱ ግን አይለወጥም። «ኤስኬ ቱ ቮሌ ካፌ?» ለሕፃንም ለሽማግሌም አንድ ነው። ከኤሌፌን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ግን «ትፈልጋለህ»፣ «ትፈልጊያለሽ» ወይም «ይፈልጋሉ» ብሎ መወሰን ግዴታው ነው፤ ጽሑፉ አይነግረውም። ስለዚህ ልብ ወለድ ወይም ቃለ ምልልስ ከመመለሱ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ተናጋሪዎቹን ሁሉ ይጻፍ፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ወንድ ወይም ሴት መሆኗን፣ በእያንዳንዱ ጥንድ መካከል ማን ማንን አንተ፣ ማን ማንን እርስዎ እንደሚል ያስፍር። ያንን ሳያደርግ የጀመረ ሰው በገጽ 3 «አንተ» ያላቸውን አዛውንት በገጽ 40 «እርስዎ» ሲል ይገኛል፤ ለማረምም እያንዳንዱን ግስ እየፈለገ ወደ ኋላ መመለስ ይኖርበታል።